የእትዬ ብየዳ ኮከብ

ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ በር ላይ ያየ ሰው ሁሉ ወዲያው ሊቅ ይሆናል። አንዱ ቆም ይልና «ይሄ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል» ይላል፤ ቤቱ ሁለት ጊዜ መዘረፉን ግን አያነሳም። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገሩ ፖለቲካ አለበት» ይላል፤ እሱ ፖለቲካ የማይታየው የገዛ ሚስቱ ዝምታ ውስጥ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ አንድ መጽሐፍ እስከ ግማሹ ያነበበው፣ «ወደ ላይ የሚያየው እሳት፣ ወደ ታች የሚያየው ውሃ» እያለ ጣቱን ያወዛውዛል። ሠሪዋን የጠየቀ ግን አልነበረም። ቢጠይቋት መልሷ አጭር ነው፦

«ስድስት ብረት ነው። ስድስቱም እኩል። ትንሽ ከተሳሳትክ ኮከብ መሆኑ ይቀርና የተረገጠ ሸረሪት ይሆንብሃል።»

ሠሪዋን ሰፈሩ «እትዬ ብየዳ» ይላታል። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ እንደ ቁም ሳጥን ሰፊ፤ ክንዶቿ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ እንደ ጠቃጠቆ ተበትኗል። መነጽሯ አንድ እጀታ የለውም፤ በቦታው ራሷ ያጠፈችው ቀጭን ሽቦ ገብቷል፣ ከደህነኛው እጀታም ያምራል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ወርክሾፕ ሠርታ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። አሁን ከቤቷ ጎን በቆርቆሮ በከለለቻት ጠባብ ክፍል ለራሷ ትሠራለች። በሰፈሩ ከአራት በር አንዱ የእሷን ኮከብ ይዟል። የመስኮት ፍርግርግ ላይ አለ፤ የሰገነት ከለላ ላይ አለ፤ የአልጋ ራስጌ ላይ፣ የአበባ ማሰሮ መቆሚያ ላይ፣ ትኩስ ድስት በሚያርፍባት ትንሽ ብረት ላይ ሳይቀር አለ። እምነቱ የተለያየ ሰው ሁሉ አሠርቷታል። ሰባት ጫፍ ይሁንልኝ ያላትም ነበር፤ ለዕድል ይሻላል ብሎ። «ለዕድል ከሆነ ሎተሪ ቁረጥ» ብላ መለሰችው።

ወርክሾፑ የኢንጂነሩ ነው። ኢንጂነር የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ የተሰኩት ሦስት እስክሪብቶዎች ናቸው። ወርክሾፑን ከአባቱ ወረሰ፤ ከአባቱ ሙያ ግን ሳሉን ብቻ። ሥራው ሁለት ነበር፦ ጠዋት መጥቶ «እንዴት ነው፣ እየሄደ ነው?» ማለት፣ ከሰዓት ደግሞ ባለቀው ዕቃ ግርጌ የወርክሾፑ ስም የተጻፈባትን የጣት ስፋት ያላት ቆርቆሮ በሁለት ምስማር መምታት። በዚህ ሁለተኛው ሥራ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንከን አልነበረበትም። ቆርቆሮዋ ሁልጊዜ ቀጥ ትላለች።

ዓለም ደግሞ እንዲህ ናት። ብረቱን የቀጠቀጠው እጅ ጥቁር ስለሆነ አይታይም፤ ቆርቆሮዋን የመታው ግን ንጹሕ ስለሆነ ይጨበጣል፣ ይሸለማል፣ በክብር እንግድነት ይጠራል።

የመጀመሪያዋ ኮከብ የተሠራችው እትዬ ብየዳ ሃያ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። ወርክሾፕ የገባችው የብረት ብናኝ ልትጠርግ ነበር። ጠራጊዎች ይጠርጋሉ እንጂ ያያሉ ብሎ የሚጠረጥር ስለሌለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይከለክላት አየች። በሦስተኛው ዓመት አንዱ በያጅ ታሞ ሲቀር ጭምብሉን አነሳች፤ ከዚያ ወዲህ መጥረጊያውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ጠራዥ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። በብብቱ ካርቶን ይዟል፤ ጣቶቹ መሀል ኮላ ደርቆ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ተለጥፏል። ኮከብ ያለበት ክብ ፍርግርግ ፈለገ። ወንዶቹ ተያዩ፤ አንዱ «አባባ፣ አምስት ጫፍ ይበቃዎታል፤ ብረት ተወዷል» አለና አሳቃቸው። ሽማግሌው አልሳቀም። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ከማዕዘን አንዲት ሴት ጭምብሏን ወደ ላይ ገልጣ ታየዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ነይ» አላት።

ካርቶኑን መሬት ላይ ዘረጋና ከኪሱ የመጠረዣ ክር አወጣ። አንዱን ጫፍ በምስማር ተከለ፤ ሌላውን ከእርሳስ ጋር አስሮ ክብ ሠራ። ከዚያ ያንኑ ክር፣ ሳያሳጥር ሳያስረዝም፣ በክቡ ዙሪያ ማስኬድ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው እርምጃ የተነሳበት ነጥብ ላይ ጠብ አለ፤ የፀጉር ስንጥቅ ታህል ልዩነት የለም።

እሷ አፏን ከፍታ ቀረች። «እንዴት አወቀው?»

«ክሩ ምንም አያውቅም፣ ልጄ። ስድስቱ ክቡ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ እኔ ቀስቅሼያቸው ነው።»

ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነገራት። ፍርግርጉ ለምኩራባቸው ክብ መስኮት ነው። ኮከቡን የዳዊት ጋሻ ይሉታል። ድሮ ማንም በየሸክላው፣ በየመዳብ ትሪው፣ በየመጽሐፉ ጥግ የሚስለው ጌጥ ነበር፤ የየትኛውም እምነት ሰው ይወደው ነበር። ውሎ አድሮ የእነሱ፣ የአይሁዶቹ፣ መለያ ሆነ። «ሊያዋርዱን ደረታችን ላይ የሰፉብን ጊዜም ነበር» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ከጣቱ ላይ ኮላ እየላጠ። «እኛ ደግሞ መስኮታችን ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት ላይ እናደርገዋለን። እናም አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። አንዱን ሦስት ማዕዘን በሌላው ጀርባ ላይ እንዳታስተኚብኝ። ይሸመኑ። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። ማንም ማንንም ተጭኖ አይደር።»

ወንዶቹ «ብረት እንደ ጨርቅ ይሸመናል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሷ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት፤ ሦስት አበላሽታ አራተኛውን ሠራች። እንዴት እንደሸመነችው የጠየቃት የለም። ሽማግሌው ሊወስድ ሲመጣ በሁለት እጁ ወደ ብርሃኑ አነሳው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ካርቶኑን ተቀብሎ ጫፉ ላይ በእርሳስ አንድ ቃል ጻፈላት፦ «ተሸምኗል።» ለጠራዥ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ኢንጂነሩ፣ ያኔ ገና የባለቤቱ ልጅ፣ ቆርቆሮዋን ይዞ መጣና መታ።

እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። ምኩራቡ ወደ ሰፊ ሕንፃ ሲዛወር፣ ክቡ መስኮት ለከተማው የጥበብ አዳራሽ በስጦታ ተሰጠ። ሽማግሌው በሕይወት የለም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ኢንጂነሩ ከራባት አስሮ እትዬ ብየዳ በር ላይ ከተፍ አለ። የሒሳብ መምህርት የሆነችው ልጇ ደጅ ካለው ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ፈተና ታርማለች።

«እትዬ! እንዴት ነሽ? ኧረ አምሮብሻል!»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ሰው ሰላም አይልም?»

«አራት ዓመት ሰላም ሳትለኝ ደህና ነበርኩ።»

ሳቅ አለ፤ ሳቁ የአባቱን ሳል ይመስላል። ከኪሱ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ካርድ አውጥቶ ለእናትየው ሲዘረጋ መምህርቷ ቀድማ ተቀበለችውና ጮክ ብላ አነበበች። «ኮከቡ በእጃችን፣ በዕለት ተዕለት ዕቃዎች ላይ ያለ ጥበብ። ዐውደ ርእይ፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት።» ከዚያ ድምፅዋ ዘገየ። «የዐውደ ርእዩ ፈርጥ፦ የምኩራቡ ክብ መስኮት። ሥራ፦ ኢንጂነር…» ቀና ብላ አየችው። «የእርስዎ ስም ነው።»

«የወርክሾፑ ማለት ነው እንግዲህ» አለ፣ ከራባቱን እየነካካ። «ቆርቆሮዋን አዩና መጡ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ከታች ደግሞ አለ» አለች መምህርቷ። «ጠቢቡ በዕለቱ በእንግዶች ፊት ኮከብ ሠርተው ያሳያሉ።»

እትዬ ብየዳ የያዘችውን መዶሻ ቀስ ብላ አስቀመጠች። አሁን ገባት። ይህ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣው ለዚች መስመር ነው።

«እና?» አለችው።

«እና እትዬዋ፣ ብዙ አላስቸግርሽም። አንዲት ኮከብ ሠርተሽ ስጪኝ። አንዷን ጫፍ ብቻ ሳትበይጃት ተዪልኝ። እሷን እኔ በሕዝቡ ፊት ቸስ አደርጋታለሁ።»

መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ ፈተናው ላይ አንድ ትልቅ ኤክስ ጫረች። የተማሪው መልስ ትክክል ነበር፤ ኋላ ሰርዛ አስተካከለችለት።

«ስሜን ጻፍ» አለች እትዬ ብየዳ። «ስሜን መስኮቱ ሥር ጻፍና አሥር እሠራልሃለሁ። አሥሩንም ሳልጨርስ እተውልሃለሁ፤ ሲያሰኝህ ቸስ ስታደርግ ዋል።»

«ካርዱ ታትሟል፣ እትዬ! ደግሞስ እውነት እንነጋገር። ብረቱ የማን ነበር?»

«የአባትህ።»

«ማሽኑስ?»

«የአባትህ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«እጁ።»

«እጅ ይቀጠራል!» አለ፣ እንደ ረታ ጠበቃ።

ስንት የታተመ ወረቀት፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት መድረክ ላይ የሚጮኽ ሰው ይህን ነገር ለመደበቅ ሲደክም ኖሯል! ኢንጂነሩ በሁለት ቃል፣ በነጻ፣ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ተናገረው።

«እንግዲያው ሂድና ቅጠር» አለችው።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ካርዱን ከመምህርቷ እጅ ነጥቆ ዞረ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ነገር አላስቻለውም። «ምን አለበት? ስድስት ብረት አይደል እንዴ? ስድስት ብረት ነው ስትይ የኖርሽው ራስሽ ነሽ! እኔው እሠራዋለሁ።»

ከሄደ በኋላ መምህርቷ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«እማ፣ አትቆጪኝ እንጂ እሱ የተናገራት ነገር እውነት አላት።»

«የቷ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያደንቅሽ ‹ኧረ ስድስት ብረት ነው› ትያለሽ። ደጋግመሽ ነገርሻቸው፤ አመኑሽ።»

እትዬ ብየዳ መዶሻዋን አነሳች። ቀጥላ የሠራችው የበር ማጠፊያ ግን ጠማማ ሆነ፤ ይህ በእሷ እጅ ተሰምቶ አይታወቅም። ገንዘብ አላማራትም፤ ሽልማትም አላማራትም። ያቺን መስመር ፈለገች። «ሥራ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለችውን ጠባብ ቦታ። ዘጠኝ ቀን የደከመችበት፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ብርሃን ያነሳው ነገር፣ የባለ ቆርቆሮው ሆኖ ሊቀር አራት ቀን ቀርቶታል።

ሐሙስ ዕለት እናትና ልጅ አዳራሹ ድረስ ሄዱ። አዘጋጇ ወጣት ሴት ናት፤ ትሑት፣ ትጉህ፣ በጣም ብዙ ተምራ ያልጨረሰች። ጠረጴዛዋ በፋይል ተሞልቷል። ቁጭ አድርጋ አዳመጠቻቸው፣ ውሃም ቀዳችላቸው፣ ከዚያ መዓት የሚያመጣውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እናቴ፣ ማስረጃ ይኖርዎታል?»

«አለኝ። ኮከቡ።»

«ሰነድ ማለቴ ነው። ደረሰኝ፣ ውል፣ ፎቶግራፍ…»

«እኔ ስሠራ ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው አልነበረም፤ መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ሽማግሌው የጻፉልኝን ካርቶንም አይጥ ከበላው ቆየ።»

«ገባኝ። ግን ዕቃው ላይ ያለው ስም የወርክሾፑ ነው። እኔ በስሜት መጻፍ አልችልም።»

መምህርቷ ልትነሳ ስትል እናቷ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። አዘጋጇን አልጠላቻትም። ወረቀት ያሳደገው ሰው ወረቀት ይጠይቃል፤ ምን ያድርግ? አዘጋጇም ሆዷ ባባ መሰለኝ፣ ሲወጡ ሁለት የመግቢያ ካርድ ሰጠቻቸው። «ቢያንስ ይምጡና ይዩት» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እትዬ ብየዳ ንጹሕ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጫማዋ ግን የሥራ ጫማዋ ነው፣ ሌላው እግሯን ስለሚጎዳት። ከልጇ ጋር ከዕቃ ወደ ዕቃ ዞሩ። ኮከቡ ያልገባበት የለም። የመዳብ ትሪ መሀል ላይ አለ፤ አንዲት ሴት ለልጅ ልጇ የሰፋችው ብርድ ልብስ ላይ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል፤ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ የወለል ሸክላ ላይ፣ የቼዝ ሳጥን ላይ፣ ቀለበት ላይ፣ አንድ ሙዚቀኛ በሞተ አባቱ ስም የፈለፈለበት የክራር ደረት ላይ። መምህርቷ «ተመልከቺ፣ ይሄኛው ማዕዘኑ ስድሳ አይደለም» ትላለች፤ እናቷ «ጥርሱን ያመመው ሰው የሠራው ነው» ትላለች።

ከዚያ መሀል አዳራሹ ላይ ደረሱና ቆሙ።

በቀጭን ሽቦ ከጣራው ተንጠልጥሏል። ከበስተጀርባው መብራት አድርገውለታል፤ ጥላው ነጩ ግድግዳ ላይ ከራሱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ወድቋል። እትዬ ብየዳ ሥራዋን ሁልጊዜ ያየችው ብረት በሚታሰርበት ሞርሳ ላይ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ጎንበስ ብላ ነው። ቀና ብላ አይታው አታውቅም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው፤ መልሳም አላደረገችውም። ልጇ ክንዷን ያዘቻት። ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ የኢንጂነሩ ስም በደማቁ ተጽፏል።

«ወደ ግቢው! እባካችሁ ወደ ግቢው!» የሚል ጥሪ መጣ።

ግቢው ውስጥ የአዳራሹ ጥገና ክፍል የብየዳ ማሽን፣ ሞርሳና የብረት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። ኢንጂነሩ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ቆሟል። ቱታው ተተኩሷል። የሱሪው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። ሦስቱን እስክሪብቶዎች ከሸሚዙ ወደ ቱታው ኪስ አዛውሯቸዋል፤ ያለ እነሱ ማን ያውቀዋል?

«ክቡራትና ክቡራን» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ብረት ሕይወት አለው…» ስለ ብረት ሕይወት አሥር ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ጭምብሉን አጠለቀና ሰዎቹ ዓይናቸውን ዘወር አደረጉ።

አንድ ነገር እንመስክርለት፤ ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ሦስት ማዕዘን መበየድ ተለማምዷል። ሦስቱን ብረት አገጣጥሞ በየደ፤ ደህና ሦስት ማዕዘን ወጣው። ተጨበጨበ። ሌላ ሦስት አገጣጠመ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያምራል። ተጨበጨበ። ጭምብሉን ገለጠ፣ ላቡን ጠረገ፣ ሁለቱን በሁለት እጁ አንስቶ ለሕዝቡ አሳየ። ከዚያ ሊሸምናቸው አቀራረባቸው።

ብረት ከብረት ጋር ቀጭ አለ።

አዞራቸው። ቀጭ። አንዱን ገለበጠው። ቀጭ። የአንዱን ጫፍ በሌላው ሆድ ውስጥ አሾለከውና ትንሽ ተስፋ አደረገ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ጫፎች ግን ውጭ ቀርተው ሰማይ ያያሉ። የተዘጋ ነገር ከተዘጋ ነገር ጋር አይሸመንም፤ ሁለት በር ዘግቶ ሁለቱንም ቁልፍ ውስጥ የረሳ ሰው ሆነ። ይህን ስህተት የሚሠራው ኮከብን ሺህ ጊዜ ሲያልቅ ያየ፣ አንድም ጊዜ ሲጀመር ያላየ ሰው ብቻ ነው።

«እንደ ቀለበት ነው እንዴ የሚገባው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሴቶች ሳቁ።

ኢንጂነሩ ወገቡን አቃና። አንዱን ሦስት ማዕዘን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሌላውን በላዩ አስተኛው። «ይኸው!» አለ። «ኮከብ!»

አዘጋጇ ጎንበስ ብላ አየችው። ይችን ክብ መስኮት ሦስት ወር ሙሉ ስትለካ፣ ስትጠርግ፣ ስትጽፍላት ኖራለች። «ይሄኛው ግን ተደራርቧል» አለች። «የእርስዎ ሥራ የተሸመነ ነው።»

«ይሄ ዘመናዊው አሠራር ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ እናቷን በክርኗ ነካች። እትዬ ብየዳ አልሳቀችም። አንጀቷ ቅቤ የሚጠጣበት ሰዓት ነበር፤ ዝም ብላ ብትቀመጥ ሰውየው በቁሙ ይቀልጣል። እሷ ግን የምታየው ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ነገር ነው። አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተኝቷል።

ተነሳች።

«ዘወር በል» አለችው።

«እትዬ፣ እባክሽ…»

«ዘወር በል አልኩህ፤ አልበላህም። አንዱን ትዘጋለህ፣ አንዱን ክፍት ትተዋለህ እንጂ ሁለቱንም ይዘጋል?»

ቀሚሷ ላይ የቆዳ ሽርጥ አሰረች፤ ጭምብሉን ከእጁ ተቀበለች። የላይኛውን ሦስት ማዕዘን ሦስቱን ጫፍ በመቁረጫ ማሽን ፈታችና ወደ ሦስት ብረት መለሰችው። ጫፎቻቸውን ሞረደች። እያንዳንዱን ሞርሳ ላይ አስራ ወገቡን በመዶሻ ትንሽ ሰበር አደረገችው፤ ዓይን የማያየውን ያህል። እየሠራች ታወራለች፤ ለማን እንደምታወራ አይታወቅም።

«ይሄ በዚህኛው ላይ ያልፋል፣ በዚያኛው ሥር ይገባል። ቀጣዩም እንደዚሁ። እየዞርክ ነው የምትሄደው፤ ከላይ፣ ከታች። ሦስቱ ገብተው ሲያልቁ ያኔ ጫፎቹን ታገናኛለህ። በግድ አይደለም፤ ከለካኸው ራሱ ይመጣል።»

ሦስቱ ጫፎች ተገናኙ። «ዓይናችሁን!» ብላ ጮኸች፤ ሕዝቡ እንደ ተማሪ ፊቱን አዞረ። ሦስት ጊዜ በራ። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራገፈችና ኮከቡን በመቆንጠጫ ይዛ አነሳችው። ያልተበየዱት መሻገሪያዎቹ ትንሽ ተንቃጨሉ። የትኛው ከላይ እንደሆነ፣ የትኛው ከታች፣ ሰው በዓይኑ እየተከተለ ዞረና ጠፋበት።

አዘጋጇ እስክሪብቶ ይዛ ቀርባለች። «እናቴ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውም እንዲህ እንደተሠራ በምን አውቃለሁ? ሌላ ሰው ቆርጦ አስገብቶ መልሶ ቢበይደውስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች እትዬ ብየዳ፤ ሐሙስ ዕለት ይቺን ጥያቄ ብትጠይቃት ኖሮ ሁሉም ሰው ቤቱ ይውል ነበር። «ሂጂና መስኮቱ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ ቁጠሪ። ቀለም ቢሸፍነውም ጥፍርሽ ያገኘዋል። የተዘጋውን ቆርጦ ያስገባ ሰው ወገቡ ላይ ሰባተኛ ጠባሳ ይተዋል። እዚያኛው ላይ ግን ስድስት ብቻ ነው የምታገኚው፣ ስድስቱም ጫፍ ላይ። ከስድስቱ አንዱ፣ በላይ በቀኝ በኩል፣ ከሌሎቹ ይወፍራል። መጀመሪያ የበየድኩት እሱ ነው፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር።»

አዘጋጇ መሰላል አስመጣች። ሕዝቡ ተከትሎ ገባ። ጓንቷን አጥልቃ፣ በኋላ አውልቃ፣ በጥፍሯ ብረቱን ዳሰሰች። ስድስት። ወገባቸው ላይ ምንም። ከዚያ እጇ በላይ በቀኝ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ቆየ። ከመሰላሉ ላይ ሆና ወደ ታች አየች፤ ያየችው ግን እትዬ ብየዳን አይደለም፣ ኢንጂነሩን ነው።

ሁሉም አየው። ቱታው እንደተተኮሰ ነው። ከዚያ፣ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ እስክሪብቶዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ለአዘጋጇ አንዱን ዘረጋላት።

«የእሷ ነው» አለ። «ጻፊ። ቆርቆሮዋን ግን እኔ ነኝ የመታኋት።»

«ይሄንንስ አልካድኩህም» አለች እትዬ ብየዳ። «ቀጥ አድርገህ ነው የመታኸው።»

አዘጋጇ እዚያው ጉልበቷ ላይ አዲስ ወረቀት አስደግፋ ጻፈች። ስም ስትጠይቅ መምህርቷ «እትዬ ብየ…» ማለት ስትጀምር እናቷ አቋረጠቻት። «እሱ የሰፈር ነው። መዝገብ ላይ ያለውን እነግርሻለሁ።» ሙሉ ስሟን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ጨምራ ተናገረች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስቆጠረች። ደግሞ አሰብ አደረገችና «ከእኔ በታች ‹ያሠሩት መጽሐፍ ጠራዥ› ብለሽ ስማቸውን ጻፊ» አለች። የእሳቸውንም ስም አስቆጠረች።

ያን ሳምንት ሰፈሩ በቡድን በቡድን እየሆነ አዳራሹን ጎበኘ። ወረቀቱ ፊት ቆመው «ይቺ ደግሞ ማናት? አናውቃትም!» ሲሉ፣ መምህርቷ የራሷን ተማሪዎች ይዛ መጥታ ከጎን ቆማ ነበርና፣ አስረዳቻቸው። ጉድ አሉ። አንዱ፣ ያ እሳትና ውሃ የሚለው፣ «እኔ ከድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ውሸቱን ነው።

እትዬ ብየዳ ራሷ እሁድ ከሰዓት ብቻዋን መጣች። ሰው ሳሳ ሲል ወደ ኮከቧ ተጠጋች። ያቺን የወፈረች ጫፍ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ በአውራ ጣቷ ልትነካት እጇን ሰነዘረች።

«እማማ! አይነካም!» አለ ከበሩ ጋ ያለው ዘበኛ። እየሮጠ መጣ። «ይቅርታ እማማ፣ ይሄ ውድ ሥራ ነው። የእጅ ላብ ያዝገዋል።»

ሰዎች ብስክሌት ያስደገፉበት፣ እርጥብ ልብስ የዘረጉበት፣ ልጆች የተንጠለጠሉበት ስንት ኮከብ ሠርታለች። እንዳይነካ ዘበኛ የቆመለት ይሄ ብቻ ነው። ልትነግረው ፈለገችና ተወችው።

«ልክ ነህ፣ የኔ ልጅ» አለችው። «እኔንም ቢሆን አታስነካኝ።»

ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ፣ ሌላው ጎብኚ እንደሚያደርገው፣ ቀና ብላ ማየት ጀመረች። መዝጊያ ሰዓት ደርሶ ዘበኛው እስኪያስወጣት አየችው።